ማዕበሉ ላይ እግሬን የት ላድርገው?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ብድግ ብላችሁ ስትቆሙ እግራችሁን የት ነው የምታደርጉት? «መሬት ላይ ነዋ!» እንዳትሉኝ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

ለነገሩ በመቆም ጉዳይ ከእኔ ጋር የሚከራከር ሰው አልነበረም። ሥራዬ መቆም ነው። ዋሽንግተን መሃል አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያው ላይ ተገትሬ «ዌልካም» ስል እውላለሁ። ወንበር የለም። አለቃችን የተቀመጠ ሠራተኛ ሲያይ ያመዋል። ከዚያ በፊት ፓርኪንግ ቆሜያለሁ። ከዚያም በፊት አዲስ አበባ የስኳር ሰልፍ፣ የዘይት ሰልፍ፣ የታክሲ ሰልፍ ቆሜያለሁ። እሁድ ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መቋሚያ ሳልደገፍ እቆማለሁ። ባለቤቴ ሙሉ እንኳ ሰው ፊት ልታሞግሰኝ ፈልጋ ሌላ ነገር ሲጠፋት «መቆም ላይማ ማን ብሎት» ትላለች።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ቋሚ ሰው ነው የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጄ ፌቨን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በገዛ ሳሎኔ ውስጥ፣ «ዳድ፣ አንተ እኮ መቆም አትችልም» ያለችኝ። ያለችው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ እየተረጎምኩ ነው የማወራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአማርኛ ትምህርት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለልጆች አማርኛ ያስተምራል። ፌቨን አማርኛ ትሰማለች። ሁሉንም ነው የምትሰማው፤ በተለይ እኔና እናቷ እንድትሰማ የማንፈልገውን። መናገር ላይ ሲደረስ ግን ወይ ፍንክች! «ልጄ፣ በላሽ?» ስላት የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው። ክፍል የሚመደበው ደግሞ በችሎታ ስለሆነ ከስምንት ዓመት ሕፃናት ጋር ተቀምጣ፣ ጉልበቷ ከጠረጴዛው በላይ ተሰቅሎ፣ ሀ ሁ ትላለች። አንድ እሁድ የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ፍሬ ልጅ ደብተሯን አይታ «አይዞሽ፣ እኔም መጀመሪያ ይከብደኝ ነበር» አለቻት። ፌቨን ቤት መጥታ «ከዛሬ ጀምሮ አልሄድም!» ብላ በሩን ድርግም አደረገችው። እውነቴን ነው፣ አልፈረድኩባትም።

ግን ደግሞ አባባ ደምሴ አሉ። የሙሉ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብረ ማርቆስ በዳኝነት ሠርተው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው እኛው ጋ ቀሩ። የሚያውቁት እንግሊዝኛ «ኖ ፕሮብሌም» ብቻ ነው። ሱቅም ሆነ ሐኪም ቤት በሷ ነው የሚተዳደሩት፤ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤትም ብለዋታል። እሳቸውና ፌቨን አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና ባስ እንደሚጠብቁ ሰዎች ፈገግ ተባብለው ዝም ይላሉ። መነጋገር ሲያምራቸው ወደ እኔ ይዞራሉ። «ምን አለች?» ይሉኛል። «ምን አሉ?» ትለኛለች፤ የእኛን አማርኛ የምትሰማው ልጅ የሳቸው የድሮ አማርኛ ይጠፋባታል። በገዛ ቤቴ ትርፍ ሰዓት የማይከፈለው አስተርጓሚ ሆንኩ። ይህ ነገር አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ልጅና አያት በእኔ አፍ እንዲተዋወቁ አልፈልግም፤ የእኔ አፍ ምኑ ይታመናል?

በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ ፌቨን ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ቤተሰቦች ጋር ኦሽን ሲቲ እየሄደች ሰርፍ የተማረችው። ሰርፍ የሚሉት ጨዋታ አለ አይደል? ሰው ረጅም ሰሌዳ ይዞ ባሕር ይገባል፤ ማዕበሉ ሲመጣ ሰሌዳው ላይ ብድግ ብሎ ቆሞ ወደ ዳር እየተንሸራተተ ይመጣል። ቪዲዮዋን በስልኳ አሳየችኝ። ፀጥ ብሎ ማድነቅ ሲገባኝ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ «ይኸው ነው? ይኼማ መቆም ነው!» አልኩ።

«መቆም አትችልም» ያለችኝ ያኔ ነው። ከዚያ ዓይኗ ብልጭ አለ። ይህን ብልጭታ አውቀዋለሁ፤ ከእናቷ ነው የወረሰችው።

«እሺ ዳድ። አንተ ማዕበል ላይ ቁም። ሰሌዳው አሸዋ እስኪነካ ድረስ ከቆምክ አንድም እሁድ ሳልቀር አማርኛ እማራለሁ። ከወደቅክ ግን በቃ፣ ዳግመኛ እንዳታነሳብኝ።»

«በይ ምቺ!» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። መታች።

«ምን?!» ሙሉ ማማሰያዋን እንደያዘች ከኩሽና ወጣች። «የልጄን አማርኛ በቁማር?! አንተ ሰውዬ፣ ዋና እንኳ በቅጡ ትችላለህ?»

«መቆም እንጂ መዋኘት መች ተባለ?»

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማህም?» ብላ ማማሰያዋን ወደ እኔ አቅጣጫ ነቀነቀችው። እውነት ለመናገር እኔም ልቤ ስንጥቅ ብሎ ነበር፤ ግን እጅ ተመቷል።

ፌቨን ዳኛ ያስፈልጋል አለች። እናቷን ለአባቴ ታዳያለሽ ብላ አልተቀበለቻትም። አባባ ደምሴን መረጠች፤ ዳኛ ሆነው ጉቦ ሳይበሉ ጡረታ የወጡ መሆናቸውን እኔው በትርጉም ነግሬያታለሁ። አባባ ጉዳዩን ሰምተው «ኖ ፕሮብሌም» አሉ።

ፌቨን ደግሞ ፍርደ ገምድል አይደለችም። ባላጋራዬን ሳላስተምር ባሸንፍ ደስ አይለኝም አለችና ምንጣፉ ላይ የሰርፍ ሰሌዳ ቅርጽ በፕላስተር ሠራችልኝ። ትምህርቱ ይህ ነው። በሆድህ ትተኛለህ። መዳፍህን ደረትህ ሥር ታደርጋለህ። ከዚያ በአንድ ግፊት ትነሣለህ፤ ሰው የምትሆነውም የምትዋረደውም እዚህ ላይ ነው፦ የኋላ እግር ከሰሌዳው ጭራ፣ የፊት እግር መዳፎችህ የነበሩበት መሃል፣ ሁለቱም መካከለኛው መስመር ላይ፣ ጎን ለጎን ሳይሆን ፊትና ኋላ። ጉልበት ታጥፎ፣ ዓይን ወደ ፊት።

ተኛሁ። ገፋሁ። መጀመሪያ አንዱ ጉልበቴ መጣ። ቀጥሎ ሶፋውን ያዝኩ። ከዚያ «እመብርሃን!» አልኩ። ከዚያ ሌላው ጉልበቴ መጣ። ከዚያ ቆምኩ። ሰዓቱን ባታዩት ይሻላል። ግን እንደምንም ቆምኩና ልጄ እንድታጨበጭብ ጠበቅሁ።

«ዳድ» አለች ቀስ ብላ፣ «ማን ተቆጣህ?»

ራሴን አየሁት። እግሬን ገጥሜ፣ ቀጥ ብዬ፣ እጄን እፊቴ አጣምሬ፣ አንገቴን ደፍቼ ነው የቆምኩት። በቃ እኔ ስቆም እንዲህ ነኝ! አባቴ ፊት እንዲህ ነው የቆምኩት፣ አስተማሪ ፊት እንዲህ፣ የቀበሌ ሊቀመንበር ፊት እንዲህ፣ አሁን ደግሞ ሆቴሉ ውስጥ እንዲህ። እግር ከፍቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ደረት ነፍቶ ፊት ለፊት የሚያይ ልጅ እኛ ሰፈር ስሙ ሌላ ነበር፤ ከእራት በፊትም ይገረፍ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ተኮርኩሜ የተማርኩትን አቋቋም ልጄ በአንድ ቅዳሜ ልታስጥለኝ ነው።

አልተውኩም። በየምሽቱ ከሥራ ስመለስ ተኝቼ መነሣት፣ ተነሥቼ ዘጭ ማለት ሆነ። አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ናት፤ ድመቷን አቅፋ፣ ፀጉሯ ላይ የኮርኒስ ኖራ ተነስንሶ።

«ምንድነው የምትሠሩት?» አለች።

«ሰርፍ» አልኳት።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ባሕሩ ከእኛ ቤት የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ድመቷም አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ ድመቷን በሌላኛው ክንዷ ነው የምታቅፋት።

ያኔ ነው ወደ ግርማ የደወልኩት። ግርማ ጓደኛዬ ነው፤ አሌክሳንድሪያ ይኖራል፣ ታክሲ ይነዳል፣ የማያውቀው ነገር የለም። መኪናህ ድምፅ ካሰማ፣ ጥርስህ ካመመህ፣ ኢሚግሬሽን ወረቀት ካዘገየብህ፣ ግርማ መፍትሔ አለው፤ መፍትሔው ከሠራ ግን ደውላችሁ ንገሩኝ። ባሕር ዳር ተወልዶ ስላደገ ደግሞ ውሃ ያለበት ነገር ሁሉ የእሱ ነው።

«ምንጣፍ ላይ ሰርፍ?» ብሎ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ ጤና የለህም? ውሃን በውሃ ነው እንጂ! የእኛ አፓርትመንት ገንዳ አለው። ሰሌዳ ይዘህ ና።»

ሰሌዳ ከየት ላምጣ? ቤት ውስጥ ረጅምና ጠባብ ነገር ፈልጌ ያገኘሁት የሙሉን የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ነው። እግሮቹን ነቅዬ፣ ጨርቁን እንዳለ ትቼ፣ ሙሉ ሥራ ላይ ሳለች አሌክሳንድሪያ ይዤው ሄድኩ።

ግርማ ገንዳው ዳር በነጠላ ጫማ ቆሞ ንድፈ ሐሳቡን አስረዳኝ። «የፌቨን ነገር የልጅ ነገር ነው። ሚስጥሩ አውራ ጣትህ ነው። ሰሌዳውን በአውራ ጣትህ ቆንጥጠህ ያዝ። እግርህን ደግሞ በደንብ አንፈራጠው። በደንብ! ሰፋ! አሁንም ሰፋ!»

የብረት ጠረጴዛ ውሃ ላይ አይንሳፈፍም። ይህን ማንም ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር፤ ግን ግርማ ሲያወራ የምታውቀውን ትረሳለህ። እኔ አውራ ጣቴን ቆንጥጬ፣ እግሬን እስከቻልኩት አንፈራጥጬ ብድግ ስል ጠረጴዛው ወደ ታች፣ ግራ እግሬ ወደ ፌርፋክስ፣ ቀኝ እግሬ ወደ ሜሪላንድ ሄዱ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ያሉት አበው ለእኔ ነው። ብሽሽቴ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። የገንዳው ጠባቂ ወጣት ልጅ ፊሽካዋን ነፋች። ወንበሯ ላይ ቆማ፣ በትልቅ ትህትና፣ «ጌታዬ፣ ገንዳ ውስጥ ልብስ መተኮስ አይፈቀድም» አለችኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ሆቴሉ ውስጥ እንደ ኮምፓስ እየተራመድኩ እንግዳ ተቀበልኩ። ሙሉ የጠረጴዛዋን ጉድ ስትሰማ የተናገረችውን አልጽፍላችሁም፤ ወጉ የተጻፈው ለቤተሰብ ነው። ግን ከስድቡ በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ እኮ አርጅተዋል» አለች። «ልጄ አንድ ቀን እንኳ በራሷ አፍ ሳታወራቸው ቢሞቱስ? አንተ ይህን ሰሌዳ ላይ ጭነህ ልትጫወትበት!»  ዞር ብዬ ተኛሁ እንዳልል መዞር አልችልም ነበር።

እግዚአብሔር ግን አይጥልም። በተከታዩ ቅዳሜ ጠዋት ተስፋ ቆርጬ ምንጣፉ ላይ በሆዴ እንደተኛሁ አባባ ደምሴ ከመኝታ ክፍላቸው ብቅ አሉ። ሽማግሌ ሲገባ ተኝቶ መቅረት የለ መቼም። «ኖር አባባ!» አልኩ።

«በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ ተቀመጥ» አሉ እጃቸውን እያወዛወዙ።

«ዳድ!» ሶፋው ላይ ሆና ታየኝ የነበረችው ፌቨን ጮኸች። «እንዳትንቀሳቀስ!»

ደርቄ ቀረሁ። ፌቨን ዞረችኝ። አጎንብሳ እግሬን አየች። የፊት እግሬ መዳፎቼ መሃል፣ የኋላው ከፕላስተሩ ጭራ፣ ጉልበቴ ታጥፎ፣ ቂጤ ዝቅ ብሎ፣ ዓይኔ ወደ ፊት፣ አባባ ላይ።

«ምን አድርገህ ነው?» አለች።

ምን አደረግሁ? ኖር አልኩ! ኖርን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ሲገባ ሙሉ ለሙሉ አይቆምም፤ ሙሉ ለሙሉ ከቆምክ በእግዜር ብሎ ለማስቀመጥ ሰውዬው ይደክማል። ቁጭም አይባልም፤ ነውር ነው። ቂጥህን ታነሣለህ፣ ጉልበትህን አጥፈህ ትቆያለህ፣ ልነሣ ነው እያልክ አትነሣም። ለካ ይህ ነገር ሰርፍ ኖሯል! ስንት ዘመን ሙሉ ድግስ ቤትም ማኅበር ቤትም በነጻ ስንለማመደው ኖረን፣ የሚያሠለጥነን ጠፍቶ ነው እንጂ!

ከዚያ በኋላ አባባን ሥራ አስያዝናቸው። ከመኝታ ክፍል ወደ ሳሎን ይገባሉ፣ እኔ ኖር እላለሁ፣ በእግዜር ይላሉ፣ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏቸው ነበር። «ይህ አሜሪካ ትልቅ ሰው ያስከብራል» አሉ ለሙሉ። እየዋለ ግን መግቢያና መውጫ አጡ። «ልጆቼ፣ ክብሩ በዝቷል፤ አሁንስ ሽንት ቤት እንኳ በሰላም ልሂድበት» አሉን።

ሐምሌ ላይ፣ ጾም ሳይገባ፣ ወደ ኦሽን ሲቲ ወረድን። ሙሉ ለአንድ ቀን ባሕር የአንድ ሳምንት ንግሥ ያህል ስንቅ ቋጥራለች። አባባ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ነው የመጡት። ውቅያኖሱን ሲያዩ ቆሙ።

«ይህ ሁሉ ውሃ!» አሉ። «ማን ይጠጣዋል?»

«ጨው ነው አባባ፣ አይጠጣም።»

«ታዲያ ለምን አስቀመጡት?» አሉ። መልሱን እስከ ዛሬ እያሰብኩበት ነው።

ሰርፍ የሚጫወቱ ሰዎች የሚለብሱትን ጥብቅ የጎማ ልብስ ተከራየን። ሙሉና ፌቨን ከሁለት በኩል ይዘው፣ ፍራሽ በትራስ ልብስ እንደሚከትት ሰው፣ እየረገጡም ጭምር አስገቡኝ። ውሉ እንዲህ ሆነ፤ መጀመሪያ እንደፈለግኩ እለማመዳለሁ፣ ዝግጁ ስሆን «ይኼ ነው!» ብዬ እጮኻለሁ፣ የሚቆጠረው እሱ ነው። አባባ ዣንጥላ ሥር ወንበር ተሰጣቸውና ወዲያው ጋቢያቸውን ተከናንበው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ባሕር እንደ ምንጣፍ አይደለም። ምንጣፍ ቢያንስ ባለበት ይጠብቅሃል። ፌቨን ሰሌዳውን ከኋላ ይዛ ማዕበል ሲመጣ ገፋ ታደርገኛለች። መጀመሪያ የፊት እግሬን አብዝቼ ወደ ፊት ወሰድኩት፤ የሰሌዳው አፍንጫ ውሃ ውስጥ ገባ፣ እኔም ተከተልኩት። ቀጥሎ ፈርቼ ሁለቱንም ወደ ጭራው አሸሸሁ፤ ሰሌዳው እንደ ደነበረ ፈረስ ቀጥ ብሎ ተነሣና ጣለኝ። ከዚያ ፊትና ኋላውን አስተካከልኩ ብዬ ከመካከለኛው መስመር ወጣሁ፤ ወደ ጎን ተገለበጥኩ። በአፌ በአፍንጫዬ ጨው ገባ። «እግርህን አትየው!» ትለኛለች ፌቨን ከኋላዬ። «ወደምትሄድበት እይ!» እኔ ደግሞ እግሬን ለአፍታ እንኳ ብተወው ጥሎኝ የሚሄድ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ክንዴ ዛለ። ከዚህ በላይ ብቆይ ለውርርዱም ለቀብሩም ሰው መጥራት ይመጣል ብዬ «ይኼ ነው!» አልኩ።

ሙሉ ዳር ሆና ሰማችና አባባን ልትቀሰቅስ ሮጠች። ማዕበሉ መጣ። ፌቨን ገፋችኝ። መዳፌን ደረቴ ሥር አደረግሁ፤ የፊት እግር፣ የኋላ እግር፣ መስመር፣ ጉልበት፣ አውራ ጣት፣ ሁሉም ነገር ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። ባዶ ሆንኩ። «ወደ ፊት እይ!» የሚል ድምፅ ብቻ ሰማሁና ቀና አልኩ።

ባርኔጣቸውን ያስተካከሉ፣ ጋቢያቸውን ያጣፉ፣ ከዘራቸውን የተመረኮዙ ሽማግሌ ወደ ውሃው ዳር እየመጡ ነው።

«ኖር!» አልኩ።

ወገኖቼ፣ ቆምኩ! እግሬ ሄዶ ሄዶ ቦታው ላይ አረፈ። ውሃው ከሥሬ እንደ ሐር ሸሸ፣ ነፋሱ ፊቴን መታኝ፣ ዳሩ ወደ እኔ ይመጣል፣ ሙሉ እልል ትላለች፣ ከኋላዬ ፌቨን ሳትወድ በግዷ «ኦ ማይ ጋድ!» ትላለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቆሜ አላውቅም። አሸዋው ሊደርስ የቀረው ከሳሎን ኩሽና ያህል ቢሆን ነው።

አባባ ደምሴ ጨዋ ሰው ናቸው። ችሎት ማይክ ባልነበረበት ዘመን ዳኛ ነበሩ፤ ድምፃቸው ባሕርም አይበግረው። ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉና፣ «በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጥ ልጄ፣ ተቀመጥ!» አሉ።

ተቀመጥኩ።

ምን ላድርግ? ሽማግሌ ተቀመጥ ሲል የሚቀመጠው ጭንቅላት አይደለም፤ ቂጥ ነው፤ ቂጥ ደግሞ ምክር አይሰማም። ጭራው ላይ ዘጭ ስል ሰሌዳው ወደ ሰማይ ተወነጨፈ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ተገለባብጬ፣ አሸዋ ጎርሼ፣ የአባባ ጫማ ሥር ደረስኩ። ዝቅ ብለው አዩኝ።

«ኖ ፕሮብሌም» አሉ።

«አልነካም! አሸዋ አልነካም! አሸነፍኩ!» ፌቨን ከውሃው በእንግሊዝኛ እየጮኸች ወጣች።

«አልወደቅኩም፣ ተቀመጥ ተብዬ ነው!» አልኩ አሸዋውን እየተፋሁ። «ፍርድ ይሰጠኝ!»

አባባ ይህን ቃል ሲሰሙ ዕድሜያቸው ከላያቸው ወረደ። ወንበራቸውን ወደ ውሃው ዳር አስመጡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ከዘራቸውን እግራቸው መሃል ተከሉ። እኔ የጎማ ልብሴ ውሃ እያንጠባጠበ እፊታቸው ቆምኩ። እግሬን ገጥሜ፣ እጄን አጣምሬ። «ክቡር ዳኛ» አልኩ፣ «ቆሜ ነበር። ያስቀመጡኝ እርስዎ ነዎት። ታዛዥ በመሆኔ ልቀጣ?» የእኔን አማርኛ ታውቁታላችሁ፤ አሳመርኩት። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ውርርዱን ኪሴ ገብቶ አገኘሁት።

«ባላጋራህ መልስ አላት?» አሉ።

ፌቨን በእንግሊዝኛ ጀመረች። አባባ እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለች?»

አፌን ከፈትኩ። ፌቨን ጣቷን ቀሰረች። ባላጋራዋ አስተርጓሚዋ መሆኑ ገና ያን ጊዜ ነው የታያት። እናቷን አየች፤ እናቷ ሳቋን አፍና ሰማይ ሰማዩን ታያለች። የባሕሩን ዳር ሙሉ በዓይኗ ፈለገች፤ አማርኛ የሚችል ሌላ ሰው የለም። ወደ አያቷ ዞረች።

«አባባ» አለች። «አንተ…»

«እርስዎ!» አለች ሙሉ።

«እርስዎ። እርስዎ… ተቀመጥ አሉ?»

አባባ ለአፍታ ደነገጡ። ከዚያ በከዘራቸው ላይ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። «ብያለሁ።»

«ውደቅ አሉ?»

 አባባ አሰቡ። «እሱንስ አላልኩም።»

«ታዲያ!» ፌቨን አንድ እግሯን ወደ ፊት አስቀደመች። «እርስዎ ተቀመጥ አሉት። እሱ ወደቀ። ያላሉትን ለምን አደረገ?»

«ትልቅ ሰው ሲያዝ መታዘዝ ጥፋት ነው እንዴ?»

«ጥፋት አይደለም። ይቀመጥ። ግን ቀስ ብሎ ይቀመጥ። እንደ ጨዋ ሰው!» አለች። ይህን ቃል ከየት አመጣችው? ከእናቷ ነዋ፤ ጠዋት ማታ ስትባለው የኖረችውን ነው። «ደግሞ ውሉ ቁም ነው። አሸዋ እስኪነካ ቁም። ሰሌዳ አሸዋ ነካች? አልነካችም። ማን ነካ? እሱ። በአፉ ነካ!»

አባባ ሳቁ። ፈገግታ አላልኩም፤ ከዘራቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እሷም እየሳቀች ክርክሯን ቀጠለች፤ ወንድና ሴቱን እያጋጨች፣ ቃል ሲጠፋት በእጇ አየር ላይ እየፈለገች፤ እሳቸውም እየጠየቁ፣ እሷም እየመለሰች፤ ማንም «ምን አለች?» አላለም። ማንም ወደ እኔ አልዞረም። ሙሉ ጎኔን ቆነጠጠችኝ፤ ሳያት ታለቅሳለች። እኔማ ፊቴ ድሮውንም ጨው ነው። እየተረታሁ መሆኔን ረስቼው ነበር።

«ፍርድ!» አሉ አባባ ከዘራቸውን አሸዋው ላይ መትተው። «ልጅቱ ረታለች። እሁድ እሁድ ክፍል አትገባም።»

«የስ!» ብላ ፌቨን ዘለለች።

«ዳኛው አልጨረሰም። ይህ ሰው መቆም አልቻለም። የቤተሰብ ኃላፊ መቆም ሳይችል ሲቀር ነውሩ ለሁላችንም ነው። ስለዚህ እስኪችል ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ የረታችው ታስተምረው። እኔም ተገኝቼ አያለሁ። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ አልሰማም።»

ፌቨን አፏን ከፈተች።

«ይግባኝ የለውም» አሉ።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን ብትመጡ ፕላስተሩ ምንጣፉ ላይ አለ። እኔ በሆዴ ተኝቻለሁ። ልጄ እላዬ ላይ ቆማ «እግርህን ሰብስብ! ጉልበትህን እጠፍ! አባባ፣ ኧረ ይህን ሰውዬ እዩልኝ!» ትላለች። አባባም «የኋላው እግሩ ነው የሚያስቸግረው» ይላሉ። እሷ የለም የፊተኛው ነው ትላለች። ይከራከራሉ። ከእግሬ ተነሥተው፣ አባባ ወጣት ሳሉ ስለጣለቻቸው በቅሎ ይደርሳሉ፤ ከበቅሎዋ እሷ ስለማትወደው የሒሳብ አስተማሪዋ፤ ከአስተማሪዋ ወዴት እንደሚሄዱ እኔ ምን አውቄ፤ ተረስቼ ምንጣፉን እየሸተትኩ አዳምጣለሁ።

እንግዲህ ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ። እችላለሁ። ከቻልኩ ቆይቻለሁ። ማንም ቤት በሌለበት ስሞክረው እግሬ ዓይኑን ጨፍኖ ቦታው ላይ ያርፋል። ቅዳሜ ሲደርስ ግን የፊት እግሬን ትንሽ፣ ማንም የማያየው ያህል፣ ከመስመሩ አወጣዋለሁና ዘጭ እላለሁ።

«አባባ፣ ይህ ሰውዬ መቼም አይማርም!» ትላለች ልጄ በአማርኛ።

አባባ ደምሴ እግሬን ያያሉ፣ ከዚያ ፊቴን ያያሉ፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ለእሷ ቦታ ይለቁላታል። «ተይው ልጄ፣ ቀስ ብሎ ይማር» ይሏታል።